የጥሪ ታክሲ ከአሸዋ ሜዳ፦ መንገድ በተዘጋ ቀን

ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ወደ ፒያሳ የሚያደርሰው ዋናው መስመር በአስኮና በዊንጌት የሚያልፈው በመሆኑ፣ ሰልፍ ወጥቶ ወይም ጎማ ተቃጥሎ መንገዱ ሲዘጋና ሚኒባሶቹ ሲጠፉ የጥሪ ታክሲ የመጨረሻ አማራጫችን ይሆናል። የምጠቀምበት ድርጅት ትልቁ ብርታት በአጭር የስልክ ቁጥርም የሚጠራ መሆኑ ነው፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ እንዳየነው፣ በመተግበሪያ ብቻ የሚሠራ አገልግሎት በዚያ ሰዓት ከንቱ ነው።

ጉድለቱ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። ዋጋው በርቀት ብቻ ሳይሆን በሚፈጀው ጊዜም ስለሚሰላ፣ መኪናው መንገድ ተዘግቶበት ቢቆምም ሒሳቡ መቁጠሩን አያቆምም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሾፌሩ ጥሪውን ከተቀበለ በኋላ ደውሎ «ከኬላው ወዲያ አልገባም፤ አስኮ ድረስ ይምጡ» ማለቱ ነው። መስታወቱ ቢሰበር እንጀራው ስለሚቋረጥ ስጋቱ ይገባኛል፤ ድርጅቱ ግን መንገዱ መዘጋቱን እያወቀ ጥሪውን መቀበሉ (የስልክ ሠራተኞቹ ትሕትና ሳይዘነጋ) ተገቢ አይደለም። በበኩሌ እንዲህ ባለ ቀን የምሳፈረው አስቀድሜ በቁርጥ ዋጋ ተስማምቼ ነው።