አባቴን ብሮሊዮ ዳገት አናት ላይ ላደረሰች አስጎብኚ

ከጉዞ ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን። ይህን ምስጋና ሳልጽፍ በቆየሁ ቁጥር ህሊናዬ ይወቅሰኛል። ጣሊያን ውስጥ፣ ኪያንቲ በሚባለው የወይን አገር፣ ጋዮሌ አካባቢ የምትሠራ አንዲት የሳይክል አስጎብኚ አለች። ሳይክሉንም የምትጠግነው ራሷ ናት። ስሜን አደባባይ አታውጣው ስላለችኝ እዚህ አልጽፈውም። ወደዚያ የምትሄዱ ግን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። እኛ የደረሰብን እናንተ ላይ አይድረስ።

አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ሳይክል ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ሲወስድ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው አለቀሱ። ኪያንቲንም ያወቁት በቴሌቪዥን ነው። "ስትራዴ ቢያንኬ" የሚባል ውድድር አለ፣ "ነጫጭ መንገዶች" ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ይካሄዳል። ተወዳዳሪዎቹ አቧራ ለብሰው ሲዬና ከተማ አደባባይ ሲገቡ ባዩ ቁጥር "እዚያ ጠጠር ላይ አንድ ቀን ብነዳ" ይሉ ነበር። እናቴ ካረፉ ወዲህ ይህንንም ማለት ተዉ። እኔም ገንዘብ አጠራቅሜ ይዣቸው ሄድኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግን ባይኖሩ ይሻለን ነበር።

መጀመሪያ በኢንተርኔት ከያዝነው ቦታ ሳይክል ተከራየን። ለአባቴ የተሰጣቸው በጣም ረጅም ነው፣ እግራቸው መሬት አይነካም። ብንናገር የሚሰማን የለም። ጎማው ቀጭንና ድንጋይ የሆነ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቴ ተነፈሰ። ስልክ ብንደውል ብንደውል አይነሳም። በስንት መከራ ሲነሳ "ጠጠር ላይ ስለነዳችሁት ነው" ተባልን። እኛ እኮ የተከራየነው ጠጠር ላይ ልንነዳ ነው! በፀሐይ ሳይክሉን እየገፋን ተመለስን፣ ማስያዣችንንም በሉን።

በማግስቱ ከሌላ ቦታ አስጎብኚ ያለው ቡድን ውስጥ ገባን። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ጥለውን ሄዱ። መገንጠያው ላይ ስንደርስባቸው አስጎብኚው ሰዓቱን አየና "ሽማግሌ እንደምታመጣ ለምን አልነገርከንም?" አለኝ። አባቴ ቋንቋውን አይችሉም። ድምፁ ግን ገብቷቸዋል። ማታ የሳይክል ልብሳቸውን አጥፈው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱት። "ይብቃን ልጄ። አየነው አይደል።" ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች።

ሦስተኛው ቀን ላይ ያረፍንበት ቤት ባለቤት ወደዚህች ልጅ ጠቆሙን። አባቴን ለምኜ ነው የወሰድኳቸው።

ስንገባ ስለ ዋጋ አላወራችም። መጀመሪያ ለአባቴ ወንበር ሳበችላቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው። ከዚያ "እስካሁን ምን ገጠማችሁ?" አለች። እኔ በእንግሊዝኛ ላስረዳ ስል አባቴ ቀደሙኝና በአማርኛ "ጎማው! ከለመዳሪው!" አሉ። ልጅቷ ደንግጣ አየቻቸው። በእነሱ ቋንቋም ጎማ "ጎማ" ነው፣ ከለመዳሪውም "ካሜራ ዳሪያ" ነው ለካ። አባቴ ፍሬኑን ነክተው "ፍሬን" አሉ። "ፍሬኖ!" አለች። ቸርኬውን ነክተው "ቸርኬ" አሉ። "ቼርኪዮ!" ሁለቱ ሳይክሉን ከላይ እስከ ታች እየነኩ ተነጋገሩ፣ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። አባቴ ሲስቁ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው!

ከዚያ ሥራ ጀመረች። መቀመጫውን ዝቅ አደረገች፣ የሆነ ነገር ፈታች፣ የሆነ ነገር አጠበቀች። ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። የገባኝ ጎማው ብቻ ነው። ወፍራም ነው፣ 40 ሚሊ ሜትር። በአውራ ጣቷ ጫን አለችውና አየሩን "ፕስስ" አድርጋ ለቀቀችው። አባቴ ደነገጡ፤ እኛ የምናውቀው ጠንካራ ጎማ ጥሩ መሆኑን ነው። እሷ የአባቴን እጅ ይዛ ጎማው ላይ አስጫነቻቸው። ጠንካራ ጎማ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ይዘላል፣ ለስለስ ያለው ግን ጠጠሩን አቅፎ ያልፋል አለችን። መንገድ ላይ አየሁት። የመጀመሪያው ቀን ሳይክል ጥርሳችንን ሲያንቀጫቅጭ ነበር የዋለው፤ ይሄኛው ረጋ ብሎ ይሄዳል።

መንገዱ ነጭ ነው፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ወይኑ በመስመር በመስመር ተተክሎ ኮረብታውን ይወጣል። ለቀማው ላይ ስለደረስን ዘለላው ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። በየመግቢያው የጥቁር አውራ ዶሮ ምልክት አለ፣ የኪያንቲ ክላሲኮ ወይን ምልክት ነው። ከዚያ ጫካ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ቅዝቅዝ ይላል። ስትወጡ ደግሞ ፀሐይና ወይን። ላብ ያለበት ክንዴ ላይ አቧራው ተለጥፎ እንደ ኖራ ደርቆ ነበር።

ስናርፍ ስለ መንገዱ ነገረችን። እነዚህ መንገዶች አስፋልት እየሆኑ ሊጠፉ ነበር አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 እዚያው ጋዮሌ 92 ሰዎች በድሮ ሳይክል ወጥተው ነዱባቸው። "ኤሮይካ" ይባላል፣ ዛሬ በየዓመቱ ሺዎች ይመጡበታል። የሚፈቀደውም እ.ኤ.አ. ከ1987 በፊት የተሠራ ሳይክል ነው። ይህን ስተረጉምላቸው አባቴ ቀና አሉ። "የኔዋ ትገባለች ማለት ነዋ!" የወጣትነት ሳይክላቸውን ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወደ ብሮሊዮ ግንብ የሚወስደው ዳገት። ግራና ቀኙ ረጃጅም ዛፍ ነው፣ የኛን የፈረንጅ ጽድ ይመስላል፣ ግን እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ። መሃል ላይ የአባቴ ጉልበት አለቀ። ማርሹ የመጨረሻው ላይ ነው። እግራቸውን መሬት አደረጉና ቆሙ። ፊታቸው ትናንት ማታ ልብሱን ሲያጥፉ የነበረው ፊት ሆነ። እኔ የምለው ጠፋኝ።

ልጅቷ ከፊት ነበረች። ዞር ብላ አየች። "አይዟችሁ በርቱ" አላለችም። ዳገቱን ይዛው መውጣት የምትችል ልጅ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ከሳይክሏ ወርዳ ጠበቀቻቸው። "እኔ እዚህ ጋ በእግር መሄድ ነው የምወደው፣ ዛፎቹ ይታያሉ" አለች። ከዚያ እስከ አናቱ ድረስ ከአባቴ ጎን ሳይክሏን እየገፋች ሄደች። አላጣደፈቻቸውም። እግረ መንገዷን ስለ ግንቡ ታወራለች፦ ሁለት ጊዜ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ እዚህ እንደኖሩ፣ የኪያንቲ ወይን ከምን ከምን ዓይነት ወይን እንደሚጠመቅ እ.ኤ.አ. በ1872 እንደጻፉ። እኔ እተረጉማለሁ፣ አባቴ እየሰሙ ይራመዳሉ። ድካሙን ረሱት። እፍረቱንም።

አናቱ ላይ ስንደርስ ሲዬና ከሩቅ ትታያለች። አባቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "እናትሽ ትባረክ" አሏት በአማርኛ። እንድተረጉምላት አልጠየቀችም፣ እጃቸውን ብቻ ያዘች።

ቁልቁለቱን "ጎማውን ሳይሆን ሩቅ እዩ፣ እጃችሁን አላሉት" ብላ አስተምራቸው ከፊቴ ነው የወረዱት። 68 ዓመት!

እና ወገኖቼ፣ ይህችን ልጅ ፈልጉ። በተለይ ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ወይም ጠጠር ላይ ነድታችሁ የማታውቁ፣ ወይም እንደኛ ሌላ ቦታ አንገታችሁን ደፍታችሁ የተመለሳችሁ። በወይን ለቀማ ወቅት ሰው ስለሚበዛ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ስትጽፉላት ዕድሜያችሁንና ቁመታችሁን በትክክል ንገሯት፣ ሳይክሉን በዚያ ልክ አዘጋጅታ ትጠብቃችኋለች። ደግሜ እላለሁ፣ ሌላ ቦታ አትሞክሩ።

አባቴ የሳይክል ልብሳቸውን ከሻንጣ አውጥተው በር ላይ ሰቅለውታል። በየማታው "ለዚያች ለከለመዳሪዋ ልጅ ምስጋናውን ጻፍክላት?" ይሉኛል። ዛሬ አዎ እላቸዋለሁ።