የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ፦ ስለ መሲሑ የተነገረውን ትንቢት ለሚያጠና ሰው

ስለ መሲሑ የተነገሩትን ትንቢቶች ከብሉይ ወደ ሐዲስ እየተከታተለ ማጥናት ለሚፈልግ ሰው፣ በአማርኛ ካሉት ትርጉሞች ቀድሞ መገዛት ያለበት የ1954ቱ ነው። የቋንቋው ለዛ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ብሉዩ የዕብራይስጡን፣ ሐዲሱ የግሪኩን መንገድ ይዞ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ብዙ ጊዜ እንደተለያየ ተትቷል። ሐዋርያት ነቢያትን እንዴት እንዳነበቡ የሚታየውም እዚያው ላይ ነው።

ኢሳይያስ 53፥7ን ከሐዋርያት ሥራ 8፥32 ጋር አስተያዩት። በኢሳይያስ ለመታረድ የሚነዳው ጠቦት ነው፣ በሸላቾቹ ፊት ዝም የሚለው በግ። በሐዋርያት ሥራ ተገላብጦ በጉ ይነዳል፣ ጠቦቱ ዝም ይላል። በቀጣዩ ቁጥር «በማስጨነቅና በፍርድ ተወሰደ» የሚለውም «በውርደቱ ፍርዱ ተወገደ» ሆኗል። የማተሚያ ስህተት አይደለም፤ ሉቃስ የጻፈው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ያነበበውን ክፍል በሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም መሠረት ነው። ጃንደረባው «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ዛሬም ሕያው ነው። አይሁድ በኢሳይያስ 49፥3 ነቢዩ የሚናገርለት የእግዚአብሔር ባሪያ «እስራኤል» መባሉን ይጠቅሳሉ። ክርስቲያኖች ደግሞ ወደ 49፥5-6 ይወርዳሉ፤ ባሪያው እስራኤልን ሊመልስ ከተላከ ከሕዝቡ የተለየ አንድ ሰው መሆን አለበት ይላሉ። ምዕራፍ 53ን ስታጠኑ ከ52፥13 ጀምሩ። የምዕራፉ ክፍፍል ንግግሩን ለሁለት ስለሚቆርጠው፣ ከ53፥1 የጀመረ ሰው «ባሪያዬ» የሚለውን መክፈቻ ያጣዋል።

ሚክያስ 5፥2 ቤተ ልሔምን «ታናሽ ነሽ» ሲላት ማቴዎስ 2፥6 «ከቶ አታንሺም» ይላል። ትርጉሙ ይህንንም አልሸፈነውም። ሆሴዕ 11፥1 ግን ለብቻው ሲነበብ ስለ ወደፊቱ የተነገረ ትንቢት አይመስልም፤ ከግብፅ የተጠራው ልጅ እስራኤል ነው። ማቴዎስ 2፥15 የሚያነበው እንደ ምሳሌ ነው፤ ማለትም በእስራኤል የሆነውን ለመሲሑ ጥላ አድርጎ። ትንቢትንና ምሳሌን ሳይለዩ ማጥናት አብዛኛውን ክርክር የሚያመጣ ጥፋት ነው።

ጉድለቱ የኅዳግ ማስታወሻ ማጣቱ ነው። ኢሳይያስ 7፥14 ላይ «ድንግል» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጡ ዐልማ ለጋብቻ የደረሰች ወጣት ሴት ማለት ነው፤ ድንግል ብለው የተረጎሙት ሰባው ሊቃናት ናቸው፣ ማቴዎስም እነርሱን ተከተለ። መዝሙር 22፥16 «እጆቼንና እግሮቼን ቸነከሩኝ» ይላል፤ የተለመደው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ግን «እንደ አንበሳ» ነው የሚለው፣ ልዩነቱም ዮድና ዋው በሚባሉት የዕብራይስጥ ፊደላት ላይ ነው። አንባቢው ይህን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ይደነግጣል። ሐዲስ ኪዳን ከዚህ መዝሙር ልብሱን መከፋፈላቸውን ሲጠቅስ (ዮሐንስ 19፥24) ይህችን ቁጥር በቀጥታ እንዳልጠቀሳት ማወቅ ይጠቅማል።

ቁጥሩም ያሳስታል። በግእዙ ዳዊት መዝሙር 22 21ኛ፣ 110 ደግሞ 109ኛ ነው። እስራኤል አገር የምትኖሩ ከዕብራይስጡ ጋር ስታስተያዩ ኢሳይያስ 9፥6ን በ9፥5፣ ሚክያስ 5፥2ን በ5፥1 ፈልጉ።

ስትገዙ ማቴዎስ 1፥23ን ገልጣችሁ ወደ ኢሳይያስ 7፥14 የሚመራ ማጣቀሻ እንዳለው እዩ። ከሌለው፣ ለዚህ ጥናት ሌላ እትም ጠይቁ።