ቆዳዋን ጠበቀ፣ ጅማቷን አጋለ፦ የእሽቅድምድም ፈረስ የእግር መከላከያ ከ9 ወር በኋላ

ከሁለት ወር በፊት አንድ ማለዳ ከልምምድ ተመልሰን የባዝራዬን የፊት ግራ እግር መከላከያ ስፈታ ከውስጡ እንፋሎት ወጣ። ጠዋቱ ቀዝቃዛ ስለነበር እንፋሎቱ እንደ ጭስ ሲነሣ በዓይኔ አየሁት። እጄን ከጉልበቷ በታች፣ ከአገዳዋ ጀርባ በሚወርደው ጅማት ላይ አሳረፍኩ። ይፋጃል። ከመከላከያው በላይ ያለው ቆዳ ግን ነፋስ አግኝቶት ቀዝቅዞ ነበር። ላቧም የመከላከያውን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል፤ ከጠርዙ ወዲህ ፀጉሯ ርሶ ተጣብቋል፣ ከጠርዙ ወዲያ ደረቅ ነው። ለሰባት ወር በየቀኑ ሳስርላት የኖርኩትን ዕቃ በዚያች ቅጽበት ጠላሁት።

የገዛሁት በምክንያት ነበር። ዳማዋ ባዝራዬ ሽምጥ ስትጋልብ፣ በተለይ ሲደክማት፣ በቀኝ ኮቴዋ የግራ እግሯን ውስጠኛ ጎን ትመታለች። ከቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ከፍ ብሎ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆስላለች። መከላከያው ውጪው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ኒዮፕሪን የሚባል እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ላስቲክ ነው፤ በሦስት የቬልክሮ ማሰሪያ ይታሰራል። አይዞርም፣ አይንሸራተትም፣ ስፌቱም እስከ ዛሬ አልተተረተረም። ቁስሉም ቀረ። በዚህ በኩል የማማርረው ነገር የለኝም።

ሙቀቱን ግን አላልፈውም። የፈረስ እግር ከጉልበት በታች ጡንቻ የለውም፤ ያለው አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው። ያ ከኋላ የሚወርደው ጅማት በእያንዳንዱ ርምጃ እንደ ላስቲክ ይለጠጥና ይሰበሰባል። ሲለጠጥ ካጠራቀመው ጉልበት አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ግን ወደ ሙቀት ተለውጦ እዚያው ይቀራል። በሽምጥ ግልቢያ ጊዜ የጅማቱ መሃል እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚሞቅ ተለክቷል። እግሩ በነፋስ ውስጥ ሲወነጨፍ ቆዳው ይበርዳል፣ ሙቀቱም መውጫ ያገኛል። እኔ ደግሞ በዚያ መውጫ ላይ ኒዮፕሪን ጠቅልዬ ሳስጋልባት ኖሬአለሁ! ኒዮፕሪን ማለት እኮ ጠላቂዎች በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ የሰውነታቸው ሙቀት እንዳያመልጥ የሚለብሱት ነው።

ሻጩ “ጅማቱን ይደግፈዋል” ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ በምኑ? 500 ኪሎ የምትመዝን ፈረስ ሽምጥ ስትጋልብ አንዱ የፊት እግሯ መሬት በረገጠ ቁጥር የክብደቷን ሁለት ዕጥፍ ተኩል ያህል ይሸከማል። ይህ 1,250 ኪሎ ነው። ይህን ሸክም ሦስት የቬልክሮ ማሰሪያ ሊያቀልለው ነው? ቁርጭምጭሚቷ መሬት ሊነካ እስኪቀርብ ሲወርድ በዝግታ በሚታይ ቪዲዮ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ፤ መከላከያ ታሰረም አልታሰረም አወራረዱ ለዓይኔ አንድ ነው። ከመመታት ያድናል በለኝ፣ እቀበልሃለሁ። ይደግፋል አትበለኝ። ይህን ቃል አምኖ ጅማቱ የታመመ ፈረስ ወደ ሩጫ የሚያወጣ ሰው ይኖራል። ካላመንከኝ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ናና ከግልቢያ በኋላ እጅህን አሳርፍበት።

ሰረገላ እየጎተቱ በሶምሶማ የሚወዳደሩት ፈረሶችም መከላከያ ያደርጋሉ የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እነርሱ በረጅም ሶምሶማ ሲሮጡ እግር ከእግር፣ ኮቴ ከጉልበት ይጋጭባቸዋል፤ አረጋገጣቸው ሌላ ነው። የእኔ ባዝራ በሽምጥ የምትወዳደር ናት። በዝናብ ቀን ደግሞ መከላከያው ውሃ ይዞ ይከብዳል፤ በእግር ጫፍ ላይ የሚጨመር ክብደት በጀርባ ላይ ከሚጫን የበለጠ ያደክማል። አሸዋም በላይኛው ጠርዝ እየገባ ቆዳዋን ይፍቃል፤ ሁለት ጊዜ ፀጉሯ ተገሽልጦ አግኝቻለሁ።

እንፋሎቱን ባየሁ ማግስት ግን አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ። መከላከያውን አጥቤ ብርሃን ላይ ሳገላብጠው በፕላስቲኩ ላይ የኮቴዋ ጭረቶች አሉ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ ስፋታቸው ከሁለት ጣት አይበልጥም፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ። ሰባት ወር ሙሉ ዕለት ዕለት እየተጻፈ ሳላነበው ቀርቻለሁ። መከላከያውን ይዤ የፈረስ ጫማ የሚመታልን ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ጭረቱን አየ፣ የቀኝ ኮቴዋን አነሣ፣ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ። የኮቴዋ ውስጠኛ ጎን ከውጪኛው ከፍ ብሎ ቆይቷል፤ የጫማው ብረትም በዚያ በኩል ከኮቴው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሏል። ሞርዶ አስተካከለው፣ ብረቱንም አጥብቦ ጠርዙን አለሰለሰው።

ከዚያ ወዲህ ሽምጥ የምትጋልበው ያለ መከላከያ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ራሷን መታች፤ ፀጉር ላጠ እንጂ ደም አላወጣም። ባይሆንና ብትቆስል እንኳ ምርጫዬ አይለወጥም። የተላጠ ቆዳ በአሥር ቀን ይድናል። የተጎዳ ጅማት ግን ዓመት ያህል ያስቀምጣል፤ ሲድንም የሚተካው ጠባሳ እንደ ቀድሞው አይለጠጥም፣ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። መከላከያው ቁስሉን ሸፍኖልኝ የቁስሉን ምክንያት ሰባት ወር አስረሳኝ፤ የሚቆጨኝ ይህ ነው። አረማመዷን ገና ላላስተካከለች ወጣት ፈረስ፣ ለዝግታ ልምምድ፣ ለጉዞ ይታሰር፤ አልከለክልም። እርሱም ቢሆን ወዲያው ተፈትቶ እግሩ በውሃ ይብረድ። ለውድድር ግን የእግር መከላከያ እንዲገዛ ማንንም አልመክርም፤ ራሷን የምትመታ ፈረስ ያለችው ሰው መጀመሪያ ኮቴዋን ያሳይ።

ትናንት ከግልቢያ በኋላ እጄን እዚያው ጅማት ላይ አሳረፍኩ። ሞቋል፤ ግን ግራውም ቀኙም እኩል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስኩ ጥቂት እንደቆየሁ በረደ፤ እርሷም እግሯን ሳታነሣ ጸጥ ብላ ቆመችልኝ። መከላከያዎቹ በጋጣው በር ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። በሚቀጥለው ውድድር ከዚያ አላወርዳቸውም።