«የረሃብ ሆርሞን ማስተካከያ» ከመግዛታችሁ በፊት

ተበልቻለሁ። ዳር ዳር ሳልል ከዚያው ልጀምር። «የረሃብ ሆርሞንሽን በ30 ቀን እናስተካክልልሻለን» የሚል ፓኬጅ ገዛሁ። ደግሞ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። የመጀመሪያው አለማወቅ ነው ይባልልኝ። ሁለተኛው ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበር።

የሻጮቹን ስም አልጠራም። ብጠራውም ብዙ አይጠቅማችሁም፤ እንዲህ ያለ ንግድ ስም መቀየር ልብስ ከመቀየር አይከብደውም። ስልቱን ካወቃችሁት ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

ሁሉም ነገር የጀመረው በአንድ መልእክት ነው። «የሆርሞን አማካሪ ነኝ» የምትል ሴት ጻፈችልኝ። «የኔ ቆንጆ፣ እስከዛሬ ያልቀነስሽው ሰነፍ ሆነሽ አይደለም። ችግሩ አንቺ ሳትሆኚ ሆርሞንሽ ነው» አለችኝ። ምን ልበላችሁ፣ ሳነበው እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት «አፍሽን ዝጊ» ሲባል ለኖረ ሰው ይህ ቃል ፈውስ ነው። የዚያኑ ቀን ከፈልኩ።

ነገሩን ክፉ የሚያደርገው አነጋገሯ ውሸት አለመሆኑ ነው። የረሃብ ሆርሞን የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሌፕቲንን አገኘ። ሌፕቲንን የሚያመርተው የሰውነታችን ስብ ራሱ ነው። ለአንጎል «ጎተራው ሙሉ ነው፣ አትስጋ» እያለ ይነግረዋል። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲንም ይቀንሳል፤ አንጎልም ይደነግጣል። በ1999 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ኮጂማ እና ካንጋዋ የተባሉ ሳይንቲስቶች ግሬሊንን አገኙ። ይሄኛው በብዛት የሚወጣው ከጨጓራ ነው። የምግብ ሰዓት ሲደርስ ከፍ ይላል፣ ስንበላ ይወርዳል። አንጀታችንም እንደ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ ያሉ «በቃኝ» የሚያሰኙ ሆርሞኖች ያመነጫል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሻጮቹ የሚሸጡት ውሸት ያን እውነት ተንተርሶ ስለሚመጣ ነው የሚያሳምነው።

ፓኬጁ ሲመጣ ያምራል። «ሌፕቲን» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት የእንክብል ጠርሙስ አለ። በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት አለ። ማታ ማታ የሚጠጣ ሻይ አለ። የምራቅ ምርመራ ዕቃም ነበረው። ከሁሉ ስር ደግሞ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ነበረች። የአመጋገብ መመሪያ ናት፤ በቀን 800 ካሎሪ። አስተውሉ፣ ክብደት የሚቀንሰው ይቺ ወረቀት ናት። ሌላው ማሸጊያ ነው።

ከእንክብሉ ልጀምር። ሌፕቲን ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ስትውጡ ጨጓራና አንጀት እንደ እንቁላል ፈጭተው ይበሉታል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊንን በመርፌ እንጂ እንደ ኪኒን የማይውጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ በጠርሙሱ ውስጥ ሌፕቲን ቢኖር እንኳ ደሜ ውስጥ አይደርስም ነበር። የኔው ደግሞ ከነጭራሹ አልነበረውም። ከከፈልኩ በኋላ ነው ጀርባውን ያነበብኩት፣ አይ እኔ። በትንንሽ ፊደል «የሌፕቲንን ሥራ የሚደግፉ» የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ፣ ክሮሚየምና አንዳንድ ቅጠላ ቅጠል ይላል።

እሺ፣ በመርፌ ቢሆንስ? እሱም ተሞክሯል። በ1995 አንድ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ የሌፕቲንን መብት ለመያዝ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነበር። ሲወለዱ ጀምሮ ሌፕቲን የሌላቸው፣ በጣም ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እነሱን መርፌው በሚያስደንቅ ሁኔታ ረድቷቸዋል። ለአብዛኛው ውፍረት ላለበት ሰው ግን ውጤቱ አንገት የሚያስደፋ ሆነ። ምክንያቱም ብዙ ስብ ያለው ሰው ሌፕቲን አልጎደለውም፤ እንዲያውም ሞልቶታል። መልእክተኛው እየጮኸ ነው፣ አንጎል ነው ጆሮ የነፈገው። በዚህ ላይ ሌላ ሌፕቲን መጨመር ምን ይፈይዳል?

የምራቅ ምርመራው ደግሞ ያስቃል። «ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ ውሰጂ» ተባልኩ። ወሰድኩ። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ግሬሊኔ «ከፍተኛ» ሆኖ ተገኘ። እናንተዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልበላ ሰው ግሬሊኑ ምን እንዲሆን ነበር የተፈለገው? በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ የሚወጣና የሚወርድን ነገር በአንድ ጠብታ ምራቅ ለክቶ «በሽታ አለብሽ» ማለት፣ የተራበን ሰው ርቦሃል ብሎ ማስከፈል ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሳምንት እንምጣ፣ ምክንያቱም ወጥመዱ እዚያ ነው። በሰባት ቀን ሦስት ኪሎ ተኩል ቀነስኩ። ሚዛኑ ላይ ወጥቼ ወርጄ፣ ወጥቼ ወርጄ አላመንኩም። ለእህቴ ደወልኩ። ለሦስት ጓደኞቼም ነገርኩ፤ አንዷ ገዛች፤ እስከዛሬ ፊቷን ማየት ያሳፍረኛል።

ሂሳቡን የሠራሁት በኋላ ነው። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት ወደ 27,000 ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚያቃጥል ሰው ሳምንቱን ሙሉ እህል ባይቀምስ እንኳ የሚጎድለው 14,000 ነው። ታዲያ የቀረው ከየት መጣ? ከውሃ። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል። አንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይይዛል። ምግብ በድንገት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚያልቀው ይሄ ስንቅ ነው፤ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። የማታው ሻይ ውስጥ ደግሞ ሰና ነበረበት። ሰና ሆድ የሚያስኬድ ቅጠል ነው። ስብ የሚነካ ነገር የለውም፤ ሽንት ቤት ያመላልሳል እንጂ። እንደገና በደንብ ስትበሉ ውሃው ተመልሶ ይመጣል፣ ኪሎውም ከነ ወዳጆቹ።

ገንዘብ የመመለሻው ዋስትና ለስንት ቀን እንደሆነ ገምቱ። ለ14 ቀን። ሰው በጣም በሚደሰትባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሩ ክፍት ነው። ማን ይመልሳል? ደስታው ሲያልቅ በሩም ይዘጋል።

የኔ ደስታ ያለቀው ወር ሳይሞላ ነው። ረሃቡ መጣ። ሆድ የሚጮኽበት ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ስለ ምግብ ማሰብ ማቆም አቃተኝ። ሥራ ላይ ሆኜ ምግብ፣ ሌሊት ነቅቼ ምግብ። በሁለት ወር ውስጥ የቀነስኩት በሙሉ ተመለሰ፣ አንድ ኪሎም መርቆ።

ለአማካሪዋ ጻፍኩላት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ፕሮግራሙን በትክክል አልተከተልሽም የኔ ቆንጆ። ዲሲፕሊን ያስፈልጋል። ሁለተኛ ዙር ብትወስጂ ይስተካከላል።» ስትሸጥልኝ ጥፋቱ የሆርሞኔ ነበር። ሲከሽፍ ጥፋቱ የኔ ሆነ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚባለው ይሄ ነው።

እውነቱን ያወቅኩት ሁለተኛውን ዙር ከገዛሁ በኋላ ነው። በ2011 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸውን 50 ሰዎች ወስደው ለ10 ሳምንት በጣም ትንሽ ካሎሪ መገቧቸው። እስከ መጨረሻው የዘለቁት በአማካይ ከ13 ኪሎ በላይ ቀነሱ። ከዚያ ሆርሞናቸው ተለካ። ሌፕቲን ወርዷል፣ ግሬሊን ወጥቷል፣ «በቃኝ» የሚያሰኙት ከነፒዋይዋይ ቀንሰዋል። እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ድጋሚ ሲለኩ ግን አብዛኛው ለውጥ እንዳለ ነበር። ሰዎቹም ከመጀመሪያው ይልቅ እንደሚርባቸው ተናገሩ። በዓመቱ!

እንግዲህ አስቡት። «ሆርሞን እናስተካክላለን» ብለው የሚሸጡት 800 ካሎሪ ራሱ ነው ሆርሞኑን ወደ ረሃብ የሚገፋው። ሰውነት ረሃብ ዘመን የገባ ነው የሚመስለው፤ ጎተራውን ለመሙላት ይታገላል። እኔ አልሰነፍኩም ነበር። የሰውነቴ ሥራ በደንብ እየተሠራ ነበር። እነሱ ይህን ያውቁታል ወይም ሊያውቁት ይገባል፤ ምክንያቱም ገቢያቸው የሚመለሰው ደንበኛ ነው።

ዘዴው አዲስም አይደለም። በ1954 አልበርት ሲመንስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከእርጉዝ ሴቶች ሽንት የሚገኝ ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን በመርፌ እየሰጠ ሰው ያከሳል ብሎ ጻፈ። ከመርፌው ጋር ታማሚው በቀን 500 ካሎሪ ብቻ ይበላል። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ለገሚሱ ሆርሞኑን፣ ለገሚሱ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሰጥተው አወዳደሩ። ሁለቱም ወገን እኩል ቀነሰ። ሥራውን የሠራው ረሃቡ ነበር፤ ሆርሞኑ ስሙን ነው ያዋሰው። ይሄ ነገር ዛሬም በጠብታ መልክ ይሸጣል።

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዙር የመጣው እንክብል መልኩ ተቀይሮ ነበር። ረሃቤ በሁለት ቀን ጠፋ። ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን ልቤ ይደልቅ ጀመር፤ አፌ ደረቀ፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠርሙሱን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ቅጠል ብቻ እንዲህ አያደርግም» አሉኝ። ያን ቀን አቆምኩት። «የተፈጥሮ» ተብለው በሚሸጡ የማክሻ እንክብሎች ውስጥ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና የስትሮክ አደጋ ስለሚያመጣ በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው። ስለዚህ የቅጠል እንክብል ረሃባችሁን በአንድ ሌሊት ካጠፋው አትደሰቱ፤ ፍሩ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ 800 ካሎሪን ያለ ሐኪም አትሞክሩት። በጣም በፍጥነት መክሳት የሐሞት ጠጠርም ያመጣል።

አዲሱ ፋሽን ደግሞ «የተፈጥሮ ጂኤልፒ-1» ነው፤ በጠብታ፣ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ጂኤልፒ-1 ደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ሐኪም የሚያዝዘው ሴማግሉታይድ እሱን መስሎ፣ ግን ቶሎ እንዳይፈርስ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ በሳምንት አንዴ ይወጋል። በ2021 በታተመ ትልቅ ሙከራ ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህሉን ቀንሰዋል። ይሰራል፣ አልክድም። መርፌው ሲቆም ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ። እውነተኛው መድኃኒት እንኳ ካቆሙት በኋላ ረሃብን «አስተካክሎ» አይሄድም። የጠብታ ጠርሙስ በ30 ቀን ያደርገዋል?

ረሃብን የሚያለዝብ ነገር የለም አልልም። ፕሮቲንና ጥራጥሬ ያለበት ምግብ ቶሎ ያጠግባል። በ2019 ኬቨን ሆል እና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ 20 ሰዎችን ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረቡላቸው። የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ በሉ። እንቅልፍም አለ። በ2004 በወጣ ጥናት ወጣት ወንዶች ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ሲተኙ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨመረ፣ ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ቀነሰ። እንቅልፍን በጠርሙስ አሽጎ ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው ግን እስካሁን የለም። ትርፍ የለውማ።

አሁንም መግዛት ያማራችሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁልኝ። አንደኛ፣ ሆርሞኑ ራሱ ውስጡ አለ ወይ፤ ካለ ጨጓራን እንዴት ያልፋል? ሁለተኛ፣ ደንበኞቻችሁ ከጨረሱ ከዓመት በኋላ ስንት ኪሎ ናቸው? እኔ ሁለተኛውን ስጠይቅ የልብ ምስል ተላከልኝ፤ ከዚያ ብሎክ ተደረግኩ። ካርዳችሁንም እዩት፤ የኔ ሦስተኛ ዙር ሳላዝዝ ተቆርጦ ነበር፣ ባንክ ሄጄ ነው ያስቆምኩት።

ከትናንት ወዲያ ሌላ መልእክት ደረሰኝ። ሌላ ስም፣ ሌላ ጠርሙስ፤ አሁን ጠብታ ሆኗል። «የኔ ቆንጆ፣ ችግሩ አንቺ አይደለሽም» ይላል። «ከፕሮግራሙ በፊት» ብለው የለጠፏት ሴትዮ ግን ያችው የድሮዋ ናት፣ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።