ላታኖፕሮስት፦ ማታ ማታ አንድ ጠብታ

ለግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ በዓይን ውስጥ ግፊት የተነሳ የዓይን ነርቭ ለሚጎዳበት ሕመም፣ ከሚታዘዙት ጠብታዎች አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል፣ ለአብዛኛው ታማሚ ላታኖፕሮስትን እናስቀድማለን። በቀን አንዴ ይበቃል፣ ግፊቱን ጥሩ አድርጎ ያወርዳል፣ ልብና ሳንባንም ብዙም አይነካም። እንከኖች የሉትም ማለት ግን አይደለም፤ ደግሞ ከእንከኖቹ ግማሹ የመድኃኒቱ ሳይሆን የአጠቃቀሙ ነው።

የተለመደው ብልቃጥ 2.5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ መጠኑ 0.005 በመቶ ነው፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ማይክሮግራም። በግምት 80 ጠብታ ይወጣዋል። ሁለቱንም ዓይን የሚያክም ሰው በወር 60 ያህል ይበቃዋል፣ የቀረው ለብክነት ነው። ወሩ ሳይደርስ ብልቃጡ ባዶ ከሆነ አጨማመቁን መመርመር ያስፈልጋል።

ዓይን ውስጥ ሳያቋርጥ የሚመነጭና የሚፈስ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። መውጫው ሲጠብ ግፊቱ ከፍ ይልና የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ ይጎዳል። ላታኖፕሮስት ፈሳሹ በሌላ በኩል፣ በዓይን ውስጥ ባለው ጡንቻ መካከል ሰርጎ እንዲወጣ ያደርጋል። ግፊቱን ከ25 እስከ 33 በመቶ ይቀንሳል፤ 24 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የነበረው ወደ 16 ወይም 18 ይወርዳል። ሥራውን የሚጀምረው ጠብታው ከገባ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ሲሆን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሲሞላው ጉልበቱ ይበረታል። ጠዋትም ማታም ላድርግ የሚል ሰው ይሳሳታል፦ ከቀን አንዴ በላይ ሲሆን ግፊት የመቀነስ አቅሙ ይዳከማል።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለ6 ሳምንት ያገለግላል። ብርሃን ስለማይወድ ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ፤ የተከፈተበትም ቀን ካርቶኑ ላይ ይጻፍ። 6 ሳምንት ከሞላው ውስጡ ቢቀርም ይጣላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እጅ ይታጠባል፤ ኮንታክት ሌንስ (ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ) ካለ ይወጣል፣ የሚመለሰውም ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው። ቀና ብሎ ወይም በጀርባ ተኝቶ የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ወደ ታች ሳብ ማድረግ ነው፤ ትንሽ ኪስ ትፈጠራለች። ጠብታው እዚያች ኪስ ውስጥ ይገባል፣ የብልቃጡ ጫፍ ግን ዓይንም ሽፋሽፍትም መንካት የለበትም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የእጁን አንጓ ግንባሩ ላይ ያሳርፍ። አንድ ጠብታ ዓይን ከሚይዘው ስለሚበልጥ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ከመውረድ በቀር ጥቅም የለውም። ከዚያ ዓይንን ደጋግሞ ማርገብገብ ሳይሆን በቀስታ ጨፍኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ2 ደቂቃ መጫን ነው፤ መድኃኒቱ በእንባ መውረጃው ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ ነው። ቆዳ ላይ የፈሰሰው ወዲያው ይጠረግ፤ ሳይጠረግ ሲደጋገም ቆዳውን ያጠቁራል፣ ያልታሰበ ቦታም ፀጉር ያበቅላል። ሌላ ጠብታ ካለ በመሃሉ 5 ደቂቃ ይጠበቃል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዓይን መቅላት የተለመደ ነው። ሽፋሽፍት ይረዝማል፣ ይወፍራል። አንዱ ዓይን ብቻ ሲታከም ልዩነቱ መስታወት ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዓይን ቀለምም ሊጠቁር ይችላል፤ ይህኛው መድኃኒቱ ቢቆምም አይመለስም። አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት ዓይን ላይ ጎልቶ ይወጣል፣ ጥቁር ቡናማ ዓይን ላይ ግን እምብዛም አይታወቅም። የዓይን ውስጥ ብግነት ወይም የዓይን ሄርፐስ የነበረበት ሰው ሳይናገር አይጀምር። ብዙዎቹ ብልቃጦች እንዳይበላሹ የሚጨመርባቸው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የደረቀን ዓይን ያቃጥላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኬሚካሉ የሌለበትን ዓይነት መጠየቅ ይሻላል።

ላታኖፕሮስት ከሌላው የግላኮማ ጠብታ ከቲሞሎል ጋር ብዙ ጊዜ ይነጻጸራል። ቲሞሎል ፈሳሹ የሚመነጭበትን መጠን ይቀንሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ይደረጋል፣ ሌሊት ግን ያን ያህል አይሠራም። የሚያሳስበን ሌላ ነው፦ ጠብታ ነው ተብሎ የሚናቀው መድኃኒት ደም ውስጥ ገብቶ አስም ያስነሳል፣ የልብ ምትን ያዘገያል። አስም ወይም የዘገየ የልብ ምት ያለበት ሰው ቲሞሎል መውሰድ የለበትም። ሌላው ጠብታ ብሪሞኒዲን ዓይንን በአለርጂ ያቀላል፣ ያስተኛል፤ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፈጽሞ አይሰጥም። ዶርዞላሚድ የተባለው ጠብታ ደግሞ አፍን ያመርራል። ሁሉም ብቻቸውን ሲሆኑ ከላታኖፕሮስት ያንሳሉ፤ አንዱ ሳይበቃ ሲቀር ግን ተደራቢ ሆነው ጥሩ ያግዛሉ።

ጠብታውን በእውነት የሚፎካከረው ሌዘር፣ ማለትም የፈሳሹን መውጫ በብርሃን ጨረር ማከም ነው። በ2019 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት፣ በሌዘር ሕክምናቸውን ከጀመሩት ታማሚዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በ3 ዓመት ውስጥ ጠብታ ሳያስፈልጋቸው ግፊታቸው በታሰበው ልክ መቆየቱን አሳይቷል። ማታ ማታ የሚረሳ ሰው ስለዚህ አማራጭ ሐኪሙን ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ጠብታውም ሌዘሩም ግፊቱን ካልያዙት ቀዶ ሕክምና ይቀራል።

ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው «ዓይኔ አልተሻለውም» ብሎ ነው። አይሻለውም፤ የጠፋን እይታ የሚመልስ ጠብታ የለም፣ ይህ ያለውን እንዳይጠፋ ይጠብቃል። መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በግፊት ልኬት፣ በእይታ አድማስ ምርመራና በነርቩ ምርመራ ነው። አንድ ማታ ቢረሳ በማግስቱ በተለመደው ሰዓት አንድ ጠብታ ብቻ ይደረጋል፣ እጥፍ አይደረግም። የተረሱትም ማታዎች ለሐኪሙ ይነገሩ፤ ካልተነገሩ ግፊቱ ከፍ ያለው መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ መስሎት ሁለተኛ ብልቃጥ ያዝዛል።