«ለስኳር ታማሚ ተስማሚ» የተባለው ዳቦ፣ በልቼ ለክቼ ያየሁት

ስኳር አለብሽ ከተባልኩ ገና 5 ሳምንቴ ነው። ሲነገረኝ መጀመሪያ የታወሰኝ በሽታው ሳይሆን ዳቦ ነው፣ እኔ እኮ ዳቦ በሻይ ሳልበላ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ስለዚህ ሱፐርማርኬት ገብቼ ላስቲኩ ላይ «ለስኳር ታማሚ ተስማሚ» የሚል ቡናማ የተቆራረጠ ዳቦ ሳይ እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ ዋጋው የተራው ዳቦ እጥፍ ነው ግን ለጤናዬ ነው ብዬ ሁለት ገዛሁ። ስሙን አልጠራም።

ጥሩ ነው መቼም፣ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ጣፈጥም ይላል። እዚህ ጋ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

በነጋታው በባዶ ሆዴ የደም ስኳሬን ስለካ 138 (mg/dL)። ሁለት ቁራጭ በላሁ ሻይ ያለ ስኳር ሌላ ምንም የለም፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 231! መለኪያው ነው የተበላሸው ብዬ እጄን ታጥቤ ሌላ ስትሪፕ፣ ማለት ደም የሚነካበትን የመለኪያውን ወረቀት፣ አቃጠልኩ (የስትሪፕን ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል) 227። ሐኪሟ የነገረችኝ ከበላሽ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ይሁን ነው።

ከዛ መነጽሬን አድርጌ ላስቲኩን ገልብጬ አነበብኩ። የስንዴ ዱቄት፣ ውሃ፣ ስኳር (አዎ ስኳር)፣ ዘይት፣ እርሾ፣ መጨረሻ ላይ ካራሜል ቀለም። እዛ ዝርዝር ላይ ቀድሞ የሚጻፈው በብዛት የገባው ነው፣ ሙሉ ስንዴ የሚል ቃል የትም የለም። ቡናማ ያደረገው ፉርሽካ ሳይሆን ቀለም ነው ማለት ነው። ደግሞ ስኳሩ ባይኖርበትስ? ነጭ ዱቄት ሆድ ከገባ በኋላ ያው ስኳር ነው የሚሆነው፣ ያለ ስኳር የሚባለው ብስኩትም እንደዛው፣ ማር የተፈጥሮ ነው ምንም አይልሽም የሚሉኝ ጎረቤቶቼም ይስሙኝ።

አሁን ቁርሴ እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ ነው፣ አንዳንዴ ቂንጬ በትንሽ ሳህን። ቅዳሜ ግማሽ እንጀራ በብዙ ጎመንና በትንሽ ምስር በላሁ 164 አሳየኝ፣ ደስ ብሎኝ ለእህቴ ደወልኩላት። እንጀራ ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም፣ እሁድ ጠግቤ እስክተው ፍርፍር በልቼ 219 ገባሁ፣ እንጀራው ያው የቅዳሜው እንጀራ ነው መጠኑ ነው የለየው። ከሱቅ የምትገዙ ደግሞ ሩዝ የተቀላቀለበት መሆኑን ጠይቁ፣ ነጣ ብሎ ሲያምር እኔ አሁን እጠረጥራለሁ። ቁጥሮቹ የኔ ናቸው፣ የእናንተን የራሳችሁ መለኪያ ነው የሚነግራችሁ። ኢንሱሊን ወይ ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ደግሞ ፈርታችሁ ቁርስ እንዳትዘሉ፣ አጎቴ እንደዛ አድርጎ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ታክሲ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ ሊወድቅ ነበር ረዳቱ ነው ለስላሳ ገዝቶ ያተረፈው።

ለዳቦው ከ5 1 ኮከብ፣ እሷንም ለልስላሴው። ሁለተኛውን ልጆቼ በማርማላታ ጨርሰውታል፣ ትንሿ «እማዬ ያንን የበሽተኛ ኬክ ድገሚን» ትለኛለች።