ባለ 60 ቶኑ ሎቤድ፦ ቃሊቲና ገላን ላይ ከመከራየታችሁ በፊት

ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያም በገላን አድርጎ ወደ ዱከም ሲወጣ መንገድ ዳር ቆመው ሥራ ከሚጠብቁት ሎቤዶች (ከባድ ማሽን የሚጫንባቸው ዝቅ ያሉ ተሳቢዎች) መካከል በብዛት የሚታየው አንድ ዓይነት ነው፦ ቻይና ሠራሽ፣ ባለ 3 አክስል፣ 12 ጎማ፣ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ፣ ከኋላው በስፕሪንግ የሚነሣ ሁለት መሰላል ያለው። የሚጎትተው ሲኖትራክ ወይም አክትሮስ ነው። ደላላው ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው «60 ቶን ነው» የሚለውን ነው። ብዙ ተከራይ የሚሸወደውም እዚሁ ቁጥር ላይ ነው።

60 ቶን የሚባለው የሎቤዱ ብረት ሳይታጠፍ ይሸከማል የሚል የፋብሪካ ቃል ነው። የመንገዱ ሒሳብ ሌላ ነው። ባለ 10 ጎማ ጎታች ባዶውን 9 ቶን ገደማ፣ ሎቤዱ ራሱ 12 ቶን ገደማ ይመዝናል። ላዩ ላይ 60 ቶን ቢጫን ድምሩ 81 ቶን ይሆናል፤ ይህን የሚካፈሉት 6 አክስሎች ብቻ ናቸው። የፊተኛው የመሪ አክስል 8 ቶን ቢወስድ እንኳ በቀሩት አምስቱ ላይ ለእያንዳንዳቸው ከ14 ቶን በላይ ይወድቃል፤ መንገዱ ይህን አይፈቅድም። ሞጆ ያለው ሚዛን ደግሞ በአክስል ነው የሚመዝነው፤ «ድምሩ ይሄን ያህል ነው» የሚል ክርክር አይሰማም።

ስለዚህ ይህ ሎቤድ በእውነት የሚመቸው ከ20 እስከ 25 ቶን ላለ ማሽን ነው። እንደ ካት 320 እና ኮማትሱ ፒሲ200 ያሉ ኤክስካቫተሮች፣ ግሬደር፣ ሮለር ያለ ጣጣ ይሄዱበታል። ካት ዲ8አር ዶዘር ግን ምላጩንና ሪፐሩን (ከኋላ ያለውን መሬት መቅደጃ ጥፍር) ጨምሮ 37 ቶን ተኩል ገደማ ስለሆነ ድምሩ ወደ 58 ቶን ተኩል ይጠጋል፤ ሚዛኑ ከሚፈቅደው ጫፍ ላይ ነው። የምላጩ ወርድም 3.9 ሜትር ያህል ሲሆን የሎቤዱ ወለል 3 ሜትር ነው፤ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ገደማ ይተርፋል። ምላጩ ወልቆ በሌላ መኪና ቢሄድ ክብደቱም ወርዱም ይቀንሳል። ማውለቁ ጊዜ ይፈጃል፣ ማንሻ ማሽንም ይጠይቃል። ቢሆንም ሌሊት ላይ ከፊት የሚመጣ አውቶቡስን ከመግጨት ይረክሳል። ከመጠን ያለፈ ጭነት ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ ከቀብዱ በፊት ተነጋገሩ።

የዚህ ሎቤድ ትልቁ ድክመት መሰላሉ ነው። ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። መሰላሉ 2.7 ሜትር ያህል ቢረዝም ማሽኑ የሚወጣው ዳገት 22 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የኤክስካቫተር መመሪያዎች በብዛት ከ15 ዲግሪ እንዳያልፍ ይላሉ፤ ለዚያ 4 ሜትር የሚጠጋ መሰላል ያስፈልግ ነበር። መፍትሔው ከሹፌሩ ብልሃት ይመጣል፦ የሎቤዱን የኋላ ጎማዎች ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ማቆም ወይም የመሰላሉን ጫፍ በተጠቀጠቀ አፈር ላይ ማሳረፍ። በዚህ መንገድ ከፍታው በ35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢቀንስ ዳገቱ ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል። ሜዳ ላይ አቁሞ «ይወጣል፣ ችግር የለም» የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ ማሽናችሁን አትስጡት።

ገላንና አቃቂ ዙሪያ ደግሞ የጥቁር አፈር ነገር አለ። በክረምት የማሽኑ ክብደት መሰላሉ ላይ ሲያርፍ የሎቤዱ ጅራት ይሰምጣል፣ የጎታቹ የኋላ ጎማዎችም ሊነሡ ይቃጣቸዋል፤ በዚህ ሰዓት ፍሬኑ የያዘው መኪና እንኳ ይንሸራተታል። ከጅራቱ ሥር ወፍራም ሞራሌ ተደርቦ መደገፍ አለበት፤ ለስላሳ መሬት ላይ ከሞራሌው ሥር ላሜራ ይነጠፋል። የማሽኑ እግር ላይ የተጣበቀው ጭቃ በአካፋ ሳይጠረግ መውጣት የለበትም። ብረት በብረት ላይ፣ በመካከሉ ጭቃ ሲገባ፣ ሳሙና ማለት ነው። ጥሩ አከራይ ወለሉ ላይ የባህር ዛፍ ጣውላ ወይም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ያነጥፋል። ላስቲክ ያለበት ወለል ባዶ ላሜራ ከሚይዘው በብዙ እጥፍ አጥብቆ ይይዛል።

አወጣጡን ቆማችሁ እዩ። ኦፕሬተሩ ፍጥነቱን ከጥንቸሏ ምልክት ወደ ኤሊዋ መቀየር፣ ባኬቱን ከፊት ዝቅ አድርጎ ለወለሉ ማቅረብ አለበት። መሰላሉ ላይ እያለ መሪ አያዞርም፤ ከመሥመር ከወጣ ወርዶ ነው የሚያስተካክለው። አደገኛው ቅጽበት የማሽኑ መካከል መሰላሉን አልፎ ወለሉ ላይ የሚደፋበት ነው፤ ባኬቱ ቀድሞ ወለሉን ነክቶ ካልያዘው 20 ቶን በአንዴ ይወድቃል፣ የሎቤዱ ባሌስትራም እዚያው ይሰበራል። ረዳቱ በዚህ ሰዓት ጎን ላይ ቆሞ በእጁ ምልክት የሚያሳይ ከሆነ ከማሽኑ ርዝመት ያህል ይራቅ። ይህን አጥብቆ የሚያስከብር ሹፌር ቃሊቲ ላይ ብዙ አይገኝም፤ ሲገኝ ጥቂት ብር ጨምሮ መከራየት ይሻላል።

ማሰሪያው ላይ ሒሳቡ ግልጽ ነው። የአውሮፓ የጭነት አሠራር የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ ወደ ፊት፣ 50 በመቶ ወደ ጎንና ወደ ኋላ የሚይዝ ማሰሪያ ይጠይቃል። ለ20 ቶን ማሽን 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ግሬድ 80 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) ሰንሰለት ከ4ቱ ማዕዘን በየራሱ፣ ለባኬቱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ያስፈልጋል። ቀለበቱ ላይ «8» ወይም «80» የሚል ማህተም ፈልጉ። ሜዳው ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ግን የተበየደ ቀለበት፣ አንዳንዴም በተበጠሰው ፋንታ የገባ ብሎን ነው። ብየዳ ሰንሰለቱን በሙቀት ያደክመዋል፤ ጭነቱ ሲንጠው መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው። ማጥበቂያው ባለ ማንሻ ከሆነ ረዳቱ ቱቦ አስገብቶ ሲጫን ማንሻው ተመልሶ ፊት ይመታል፤ ባለ ጥርሱ ዓይነት ይመረጣል። የቡሙ ማዞሪያ መቆለፊያ ካለ ይቆለፍ። ከተነሡ በኋላ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ከገላን ተነሥቶ ቢሾፍቱ ከመድረስ በፊት ማለት ነው፣ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ነው፤ ሰንሰለቱ ቦታውን ሲይዝ ይላላል።

ከፍታ የሚረሳ ነገር ነው። ካት 320 በጉዞ አቀማመጡ 3 ሜትር ያህል ነው፤ ከወለሉ 1 ሜትር ጋር 4 ሜትር ያህል ይሆናል። ትልልቆቹ 4 ሜትር ተኩል ይነካሉ። ዋናው አስፋልት ላይ ችግሩ ትንሽ ነው፤ ጣጣው ወደ ሳይት በሚያስገባው ኮረኮንች ላይ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው የመብራት ሽቦ ነው። 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። ረዳት ማሽኑ ላይ ወጥቶ በእንጨት ሽቦ ቀና የሚያደርግበት ልማድ የሰው ሕይወት የሚበላ ነው፤ እርጥብ እንጨት ያስተላልፋል። ቀድሞ መለካት፣ ካልሆነም ከመብራት ኃይል ጋር ተነጋግሮ ማስነሣት ነው። በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ካለ ደግሞ የዋሻውን ከፍታ አስቀድሞ ያስብ።

ፍሬን ላይ አጭር ሙከራ አለ። ባዶውን እያለ በዝግታ እየሄደ የተሳቢው ፍሬን ብቻ ይያዝ፤ 12ቱም ጎማዎች ወዲያው ሊይዙ ይገባል። አንዱ ወገን ብቻ ከያዘ ሸራው አልቋል ወይም አየሩ ያፈሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርድ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን ካልተወረደ ታምቡሩ ይግላል፣ ከዚያ ወዲያ ፔዳሉን መርገጥ ለውጥ አያመጣም። ስኮርታ ጎማ ሁለት ከሌለ ረጅም ጉዞ አይወጣም።

ዋጋ የሚቆረጠው በጉዞ ነው፤ ባዶ መመለሻው ውስጡ አለ። ሳይት ላይ የሚያቆም ቀን ሲጨመር መቆሚያ ይታሰባል። ከባድ መኪና ከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ስለተገደበ አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ ሱሉልታ ወይም ሰበታ የሚሄድ ጭነት ሌሊት ይጠብቃል፤ ያ ጥበቃ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጭቅጭቁ ጠዋት ነው የሚነሣው። የሎቤዱ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የእናንተን ማሽን አይሸፍንም፤ የጭነቱ ለብቻው ይገባል። «በመጫንና በማውረድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት» የሚል መስመር ከሌለው ብዙ አይጠቅምም፤ ማሽኖች በብዛት የሚወድቁት መሰላሉ ላይ ነውና። ከመነሣቱ በፊት 4ቱን ማሰሪያ፣ የሰንሰለቱን ማህተምና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ሹፌሩም አጠገቡ ቆሞ ቢታይ ጥሩ ነው።